ኮልፌ ላይ የተሞከረ ባሕር

በዛብህ ቁጭ ማለት አይችልም። ይህን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከሁሉም አብልጣ ደግሞ ሚስቱ ተሻለች ታውቃለች፤ ትዳር ከያዙ ጀምሮ «እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ አረፍ በል» እያለችው ኖራለች። በሙያ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ያስተምራል። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ጓሮው ካለችው የቆርቆሮ ዳስ ገብቶ የሰፈሩን ወንበርና ቁም ሳጥን ሲጠግን ያመሻል። አንድ ጊዜ ለትርፍ አንጀት ሆስፒታል ተኝቶ፣ ስፌቱ ገና ሳይደርቅ፣ አጠገቡ የተኛውን በሽተኛ የአልጋ ብሎን ሲያጠብቅ ነርሷ እጅ ከፍንጅ ይዛዋለች። እሁድ ለእሱ ቅጣት ነው። ከቤቱ እስከ ፌርማታው ያለችው መንገድ ለሌላው ሰው አጭር ናት፤ እሱን ግን ግማሽ ጠዋት ትፈጅበታለች፤ ሰላም የማይለው ሰው፣ ቆሞ የማያየው አጥር፣ እጁን የማይሰድበት የተነቀለ ማጠፊያ የለማ!

እንግዲህ ከሰው ሁሉ ተመርጦ «በመርከብ ውቅያኖስ ተሻገር» የተባለው ይህ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዮቱ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። ያኔ ለትምህርት ወደ ኩባ የተላኩ ብዙ ልጆች ነበሩ፤ የበዛብህና የተሻለች አንድ ልጅ ጤናዬም ከእነሱ ጋር ሄዳለች። ስትሄድ ደረቷ ገና ያልወጣ፣ ጉልበቷ ሁልጊዜ የተላጠ ልጅ ነበረች። በቅርቡ በላከችው ፎቶግራፍ ግን አባቷን በቁመት ልታክል ምንም አልቀራት። ተሻለች ፎቶውን ባየች ቁጥር «ይህቺን ልጅ ቀሚሷን ማን ያስረዝምላታል?» ትላለች። ከገና ወዲህ ደግሞ ደብዳቤ አልመጣም።

ታዲያ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር በዛብህን ቢሮ አስጠርቶ፣ እዚያ ላሉት ልጆች የእንጨት ሥራ የሚያስተምር ሰው ለአንድ ዓመት እንደሚፈለግ ሲነግረው፣ በዛብህ ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ። ቀሪውን ሲነግረውም አልተቀመጠም። ጉዞው ልጆቹ እንደሄዱት በመርከብ ነው። ከአሰብ ተነስቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ አብዛኛው ቀን መሬት የማይታይበት ነው።

«በባሕር ጉዞ መመለስ የለም» አለው ዳይሬክተሩ፣ «መሀል ላይ አቁሙልኝ አይባልም። የሚስማማህ መሆኑን አስብበትና ትምህርት ሲከፈት ሰኞ መልስህን አምጣ።»

ተሻለች ወሬውን ስትሰማ እልልታዋን በነጠላዋ አፈነችው። ከዚያ ወዲያው ፊቷን አኮሳትራ በሩን ዘጋች።

«ቁርጡ ሳይታወቅ ለማንም እንዳትናገር! ውጭ አገር ሊሄድ ነው ሲባል ዐይን አለ፤ ዐይኑ ቢቀር እንኳ ቀበሌ አለ።»

ለአንድ ሰው ግን መንገር ግድ ሆነ፤ ለወዬሳ። ወዬሳ ከአጥራቸው ማዶ የሚኖር፣ በአሰብ መስመር የጭነት መኪና የሚነዳ ጎረቤታቸው ነው። እሱም ራሱ መርከብ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ግን ወደቡ ላይ ጭነት ሲጠብቅ ከመርከበኞች ጋር ቢራ ጠጥቷል፤ ይህ ደግሞ ኮልፌ ውስጥ የባሕር ሊቅ ያሰኛል።

«እስከ ሜዲትራንያን ድረስ ችግር የለውም» አለ ወዬሳ፣ በቁምጣ እግሩን ዘርግቶ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጦ። «አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ መሬት ይታይሃል። ጣጣው ከዚያ ወዲያ ያለው ትልቁ ውቅያኖስ ነው። ጠዋት ትነሳለህ፣ ውሃ። ምሳህን ትበላለህ፣ ውሃ። ተኝተህ ትነሳለህ፣ ያው ውሃ።»

«ማስመለሱስ?» አለች ተሻለች።

«እሱ ሁለት ሦስት ቀን ነው አሉ። ሎሚ ይይዛል፣ አየር ወዳለበት ይወጣል፣ ይለቀዋል። የማይለቀው ሥራ መፍታቱ ነው። እኔ ሾፌር ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ማለት ለምጃለሁ። መጽሐፍ የሚወድ መጽሐፉን ይዞ ይቀመጣል። እንቅልፋም ከሆነም ደግ ነው፣ ይተኛል። በዛብህ ግን ምን ሊሆን ነው? ስማ፣ እኔ የምፈራልህ ለሆድህ አይደለም፣ ለእግርህ ነው። ከዳር እስከ ዳር ትሄድና አለቀ፤ ዞረህ መመለስ ነው። ሰላም የምትለውም ሰው በመጀመሪያው ቀን ያልቅብሃል።»

በዛብህ ሳቀ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ፊቱ ጠቆረ። ባሕሩን ሳይሆን ያን ሥራ ፈት ቀን ነበር በዐይኑ ያየው፤ ቀኑም ከኋላው ሌላ እንዲሁ ያለ ቀን ያስከተለ ነበር። እዚያ መሀል ላይ አእምሮዬን ብስትስ አለ በልቡ። ልጄ ጋ ስደርስ ያበደ ሰው ብሆንስ?

«እኔን ቢሉኝ» አለች ተሻለች፣ «ዋና ሳልችል በዋና እሄድ ነበር።»

ጥሪው ለእሷ አልነበረም፤ ይህ ደግሞ የሚያንገበግባት መሆኑን ሁለቱም ወንዶች ያውቁ ነበር። እሷ ግን የምታለቃቅስ ሴት አይደለችም፤ ወዲያው መላ አመጣች። ትምህርት ቤቱ የሴሚስተር እረፍት ላይ ነው። በዛብህ እቤቱ ይሞከር። ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ እስከ እሁድ የግቢው በር የመርከቡ ጠርዝ ይሁን፤ አልፎት አይወጣም። መዶሻ የለም፣ መጋዝ የለም፣ ሬዲዮ የለም፤ ከአጥር በላይ ሰውን ሰላም ማለትም የለም። የቆርቆሮው ዳስ ይቆለፋል። ቁልፉን ወዬሳ ኪሱ ከተተና ረቡዕ ጎህ ሲቀድ መኪናውን አስነስቶ ወደ አሰብ ሄደ። እሱ ሲሄድ ምስጢሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው በሰፈሩ አልቀረም።

የመጀመሪያው ቀን እስከ ረፋድ ድረስ ደህና ነበር። በዛብህ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ አነበበ። ቀና ብሎ የተለጠፈውን ጨረሰና ተዘቅዝቆ የተለጠፈውን አንገቱን እያጣመመ ያዘ። የንጉሡ ዘመን የሲሚንቶ ማስታወቂያ፣ ያለፈ የእግር ኳስ ውጤት፣ ጫፉ በአልጋው የተሸፈነ የሞተ ሰው ታሪክ። አልጋውን ገፋ አድርጎ የሰውየውን መጨረሻ አነበበ። ከዚያ አልጋው ሲገፋ መንጫጫቱን ሰማ፤ ሰምቶም ዝም ማለት አልሆነለትም። ተሻለች ከጓዳ ስትመለስ በሽንኩርት ቢላዋ የአልጋውን ብሎን ሲያጠብቅ ደረሰችበት።

«ባሕር ላይ ነህ!» ብላ ጮኸች።

«መርከብ ላይ አልጋ የለም እንዴ?»

«አለ። ግን ያንተ አይደለም። አምጣ ቢላዋዬን!»

ከሰዓት በኋላ በርጩማ ላይ ወጥቶ ከአጥሩ በላይ መንገዱን ሲያይ ያዘችው። «ውረድ፣ ውሃ ውስጥ ልትገባ ነው!» አለችው፤ እሱም ሳቅ እያፈነው ወረደ። የሚያውቃቸው ሰዎች ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ ሲያልፍ ይሰማዋል። አንዱ ያስላል፤ በሳሉ ያውቀዋል። ሌላው አህያ ይነዳል። ሰላም ሊላቸው አፉን ከፈት አደረገና ተሻለችን አይቶ መልሶ ዘጋው። የጨነቃት ነፍሰ ጡር ይመስል ግቢዋን ሲዞራት ዋለ።

ማታ ማታ ግን ሌላ ነገር መጣ። ሁለቱ አብረው እንደዚህ ከዋሉ ዘመን አልፏቸዋል። ተሻለች እንደ ካፒቴን ትእዛዝ ትሰጣለች፣ እሱ «እሺ ጌታዬ» ይላል። ስለ ጤናዬ አወሩ። ስትወለድ አዋላጇ ስለ ጣቶቿ ርዝመት ያለችውን፣ ስድስት ዓመት ሆኗት የአጎቷ ሠርግ ላይ ተኝታ ከጠረጴዛ ሥር ያገኟትን፣ ሁሉን አነሱት። በዛብህ ሚስቱ ስትስቅ ግራ ጉንጯ ላይ የምትሠረጉደውን ነገር ረስቷት ኖሮ ሲያያት ደነገጠ። ይህን ሁሉ ጊዜ ወንበር ስጠግን ምን አመለጠኝ ብሎ አሰበ።

ሁለተኛው ቀን ግን ባሰ። ሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ጨርሶ የማይቻል ሆነ። ዐይኑ ግድግዳውን አይቶ ጨርሷል፤ እጁ መያዣ አጥቶ ጉልበቱን ይመታል፣ ጣቶቹ የሱሪውን ክር ይለቅማሉ። እንቅልፍ እንቢ ብሎታል። አመሻሹ ላይ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ተሻለችን ጠራት።

«አልችልም» አላት።

ተሻለች ፈገግ አለች።

«ቀልድ እንዳይመስልሽ። ይኸው ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ደረቴ ጠቦኛል፣ አየር ያጥረኛል። እዚህ እንኳ አንቺ አለሽ፤ ስትቆጪኝ፣ ስትስቂብኝ ቀኑ ይገፋል። እዚያ ማን አለኝ? መሀል ላይ ቢያቅተኝ ወዴት እወርዳለሁ? ሰኞ አልሄድም እላቸዋለሁ።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷ አንድ ቀን ትመጣለች። ተምራ ትመጣለች። እንጠብቃለን፤ ምን እናድርግ?»

ተሻለች አልተከራከረችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። «እሺ» ብቻ አለችና ነጠላዋን ጣል አድርጋ «ክብሪት ልግዛ» ብላ ወጣች። ክብሪት መደርደሪያው ላይ ሞልቶ ነበር፤ በዛብህ አየው። ዘግይታ ተመለሰች። ዐይኗ ቀልቷል። እራት አቀረበችለት፣ እሷ ሳትበላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በዛብህም ጀርባዋን እያየ ቆየ። በራሱ አፈረ፤ ውሳኔውን ግን አልለወጠም።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል የግቢው በር ተንኳኳ።

ቀስ ያለ ማንኳኳት ነበር። የሰፈሩ ውሾች ጮኹ። በዛብህ ብድግ ብሎ ጆሮውን አቀና፤ ከበሩ ውጪ የብዙ ሰው እግር ኮቴ ይሰማል፤ የሚናገር ግን የለም። ተሻለችም ቀና ብላ ተቀምጣለች። ሁለቱም ያወቁት ነገር አንድ ነው። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ገና ሳይነጋ፣ ብዙ ሆነው ቀስ ብለው በር የሚያንኳኩ ሰዎች መርዶ ይዘው ነው የሚመጡት። ሩቅ አገር ያለ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ በጠዋት፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ። እነሱም ለስንት ሰው እንዲህ ሄደዋል።

ሩቅ አገር ያለ የእነሱ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

በዛብህ እግሩን ሳያውቀው በሩ ጋ ደረሰ። መቀርቀሪያውን ሳበ። ከፊት የዕድሩ ዳኛ አቶ ሀብተሥላሴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ከኋላቸው ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ባለ ሱቋ አልፊያ ሻሿን በጥርሷ ይዛ ታለቅሳለች።

«እንግዲህ በዛብህ…» ብለው ጀመሩ አቶ ሀብተሥላሴ። ድምፃቸው ተሰበረና ቀሪውን ዋጡት።

በዛብህ በሩ ላይ፣ አፈሩ ላይ፣ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ከቤት ውስጥ ተሻለች «ልጄን! ልጄን!» ብላ ጮኸች። እሷ ስትጮኽ ሴቶቹ ተቀበሏት። ሴቶቹ ሲቀበሏት ለበዛብህ ነገሩ አለቀ፣ ቁርጥ ሆነ።

«ልመጣልሽ እኮ ነበር!» አለ፤ ደረቱን በጡጫ እየመታ። «ጤናዬ፣ ልመጣልሽ እኮ ነበር! ባሕር ፈርቼ ተውኩሽ! ቁጭ ማለት አቃተኝ ብዬ ተውኩሽ! ዓመት ሙሉ ይሁን፣ ውሃ ላይ ልኑር፣ ልበድ፣ ብቻ ልምጣ! እመጣለሁ ልጄ፣ እመጣለሁ!»

ወንዶቹ ክንዱን ይዘው ሊያነሱት ሞከሩ። እሱ አፈሩን በእጁ እየጨበጠ ያለቅሳል። ውስጥ ደግሞ አልፊያ ተሻለችን አቅፋ፣ አብራት እየተወዛወዘች፣ እንባዋ በሻሿ ላይ ይወርዳል።

«መቼ ነው የሰማችሁት የኔ እህት? እኛን እንዴት ትደብቁናላችሁ?»

ተሻለች ልቅሶዋን ገታ አደረገች። «ምኑን ነው የምንሰማው? አሁን እናንተ ነገራችሁን እንጂ!»

«እኛ? እኛማ ከናንተ ነው…»

«ከኛ ምን?»

አልፊያ አፏ ተከፈተ። ልቅሶው በየአፉ እየተቆረጠ ጸጥታ ሆነ። አንዲት ሴት ብቻ፣ ከኋላ ስለነበረች፣ ያልሰማች፣ ለብቻዋ ትንሽ ጮኸችና እሷም ዙሪያዋን አይታ ዝም አለች።

«ማነው የሞተው?» አለ በዛብህ ከመሬት ላይ።

አቶ ሀብተሥላሴ ወደ አልፊያ ዞሩ። አልፊያ በሁለት እጇ ጉንጮቿን ያዘች። «እኔ ምን አውቄ ጋሼ! በዛብህ ረቡዕ አልወጣም፣ ሐሙስ አልወጣም፣ መዶሻው ዝም አለ። በዛብህ በሕይወት እያለ መዶሻው ዝም ብሎ ያውቃል? ትናንት ማታ ተሻለች ክብሪት ልትገዛ መጣች፣ ዐይኗ ደም ይመስላል። ጤናዬ ደህና ናት ወይ ብዬ ጠየቅኋት፣ ራሷን ነቀነቀችና እንባዋ መጣ። ምን ልበል? ወላሂ፣ ሰምተው ደብቀውናል አልኩ!»

«ስለ እሷ ስትጠይቂኝ ሆድ ባሰኝ እንጂ» አለች ተሻለች፣ «እሱ አልሄድም ስላለ ነው እንባዬ የመጣው! ማን ሞተ አለሽ?»

«እንግዲያው ጤናዬ ደህና ናት?»

«እንጃ! ደህና ናት! ምን ሆና?»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አልታወቀም። ሳቅና ልቅሶ ተደባልቆ ግቢውን ሞላው። ሴቶቹ ነጠላቸውን መልሰው አስተካከሉ፤ አልፊያን አንዷ በክርኗ ጎሸመቻት፣ ሌላዋ ግንባሯን ሳመቻት። በዛብህ ግን ገና መሬት ላይ ነበር። እንባውን በአፈር እጁ ጠርጎ ፊቱን ጭቃ አድርጎታል።

አቶ ሀብተሥላሴ ብቻ አልሳቁም። ደማቸው ፈልቷል። በዚህ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ብርድ፣ ሰው ቀስቅሰው ለሌለ ሞት መጥተዋል።

«አንተ ሰውዬ» አሉት፣ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ እየመቱ፣ «ሦስት ቀን ሙሉ በርህን ዘግተህ ምን ትሠራ ነበር?»

በዛብህ ቀና ብሎ አያቸው። «መርከብ ላይ ነበርኩ» አለ።

ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልተቻለም። ተሻለች ሁሉን ነገረቻቸው፤ ኩባውን፣ ዳይሬክተሩን፣ ሙከራውን። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አገጫቸው ድረስ ስበው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ቀስ በቀስ ቁጣቸው በርዶ ፊታቸው ላይ የማወቅ ጉጉት መጣ።

«ታዲያስ?» አሉ። «ተስማማህ?»

«አልተስማማኝም ጋሼ» አለ በዛብህ፣ አፈሩን ከሱሪው ላይ እያራገፈ ሲነሳ። «ፈጽሞ አልተስማማኝም። እሄዳለሁ።»

ማንም አልሳቀም። አቶ ሀብተሥላሴ ትከሻውን ይዘው ሳሙት። እሱ ግን ወዲያው ጫማውን ፍለጋ ገባ።

«ወዴት ነው?» አለች ተሻለች።

«ዳይሬክተሩ ቤት፣ ሳንሱሲ ሰፈር። ሰኞ ድረስ ሌላ ሰው ቢያገኙስ?»

«ፊትህን እንኳ ታጠብ እንጂ! ሰውየው አብዷል ይልሃል!» አለች እየሳቀች፤ በነጠላዋ ጫፍም ጉንጩን ጠረገችለት። ያቺ ነገር ግራ ጉንጯ ላይ ሠረጎደች። በዛብህ አያት። እጇን ይዞ ሊቆይ አሰበ፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ስለሚያይ አፈረ። ለቀቃትና ወጣ።

መንገዱ ላይ ፀሐይ ገና አልወጣችም። ከአጥሩ ማዶ የሴቶቹን ጨዋታና የተሻለችን ሳቅ እየሰማ ሄደ። ጥግ ላይ ሲደርስ ግን ሳቋ ተለወጠ። በመሀሉ ተቆረጠና ወደ ሌላ ድምፅ ዞረ። በዛብህ ቆመ። አልፊያ «አይዞሽ፣ አንድ ዓመት ምን አላት፣ አይዞሽ» ስትል ሰማ፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሚስቱ ታለቅሳለች። ቅድም ለልጇ ነበር ያለቀሰችው፤ አሁን ግን ለእሱ ነው። እሷም ያልፈለገችው ባሕር፣ ብቻዋን የምትከርመው ዓመት፣ እንዳለባት፣ እንዲሄድ ስትገፋው ያን ሁሉ ዋጥ አድርጋ እንደነበር፣ ያኔ ብቻ ገባው።

እግሩ ሊመልሰው አለ። ከተመለሰ ደግሞ እንደማይወጣ ያውቃል። ጥቂት ቆሞ አዳመጣትና ማንንም ሰላም ሳይል ወደ ፌርማታው ሄደ።